የጋሼን ስልክ ማን ያንሳ?

ሰው ሲሞት እኛ የጁባ ሐበሾች አንታማም። አስከሬኑ ከሆስፒታል ሳይወጣ መዋጮው ይዞራል፤ ኤምባሲ የሚሄደው ይሄዳል፤ የሣጥኑና የአውሮፕላኑ ወጪ ሳይመሽ ይሞላል። ሟቹን በዓይናችን አይተነው የማናውቅ እንኳ ከጉዴሌም ከጉምቦም ገንዘባችንን ይዘን እንመጣለን። ቦሌ ላይ ሬሳ የሚቀበለው ቤተሰብ እያለቀሰ ይመርቀናል።

ምርቃቱን እንቀበላለን። ነገር ግን ከምንሸኛቸው መካከል በመጠጥ ያለቁትን እናውቃቸዋለን። ያወቅናቸውም በሞቱ ዕለት አይደለም። እጃቸው መንቀጥቀጥ ሲጀምር፣ ከሥራ ሲባረሩ፣ የቤት ኪራይ አቅቷቸው ከአንዱ ጓደኛ ቤት ወደ ሌላው ሲዞሩ አይተናቸዋል። «እሱማ አልቆለታል» ብለን አልፈናቸዋል። የጋበዝናቸውም አለን። ለሣጥን ያዋጣነውን በቁም ሳሉ አዋጥተን፣ አዲስ አበባ አማኑኤል ወይም ጳውሎስ ሆስፒታል ሱስ ከሚያክሙ ሐኪሞች ዘንድ ብናደርሳቸው ኖሮ፣ ቢያንስ ጥቂቶቹ ዛሬ ለሌላው መዋጮ የሚያሰባስቡ ይሆኑ ነበር።

ይህን ጥሪ የምጽፈው ለቁም ሰው እድር የነበሩ አንድ ሰው ስላረፉብን ነው። ስማቸውን አልጽፍም። ከመጠጥ ለመውጣት በሚሰበሰቡ ሰዎች ዘንድ የማንም ስም ከደጅ አይወጣም፤ ሞትም ይህን ደንብ አይሽረውም ይሉ ነበር። ሁላችንም ጋሼ እንላቸው ነበር፤ እዚህም ጋሼ ናቸው። (ወሮቹንና ዓመቶቹን ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ጽፌያለሁ፤ ጁባ የምንኖረው በዚያ ነውና።)

ጋሼ ጁባ የገቡት ከ2005ቱ የሰላም ስምምነት በኋላ፣ የመጀመሪያው የነጋዴና የሠራተኛ ጎርፍ ሲመጣ ነው። ያኔ ከተማዋ ከአስፋልት ይልቅ አቧራዋ ይበዛ ነበር። የእርዳታ ድርጅቶችና አዲሱ መንግሥት ዶላር ይዘው ሲገቡ፣ የሚያድሩበት ሆቴል፣ የሚበሉት ምግብ፣ የሚታጠቡበት ውሃ አልነበረም። ያንን ክፍተት ከሞሉት መካከል የኛ ሰዎችና ኤርትራውያን ወንድሞቻችን ግንባር ቀደም ነበሩ። ሆቴል ከፈትን፣ ሲሚንቶና መለዋወጫ አመጣን፣ ከነጭ ዓባይ ውሃ በቦቴ እየቀዳን በየሠፈሩ አደልን። ጋሼ የቦቴ ሾፌር ነበሩ። ሌሊት ወንዝ ዳር ተሰልፎ ማደር፣ ጠዋት ማራገፍ፣ ከሰዓት ሙቀቱ ሰው ሲያቃጥል ጥላ ፍለጋ፤ ቤተሰብ አገር ቤት፣ ገንዘብ በኪስ፣ ማታ ደግሞ የሚጠብቅ ሰው የለም። በዚህ ኑሮ ውስጥ መጠጥ እንዴት እንደሚገባ ለሐበሻ አንባቢ ማስረዳት አያስፈልገኝም። ከቀትር ጀምሮ ጫት፣ ከምርቃናው በኋላ ጨብሲ፣ ከጨብሲው በኋላ እንቅልፍ ይሁን ራስ መሳት ያልለየለት ሌሊት፣ ጠዋት ደግሞ እጅ እንዲረጋ አንድ መለኪያ። ጠዋት በመለኪያ የተጀመረ ቀን የት እንደሚያደርስ ብዙዎቻችን በገዛ ዓይናችን አይተናል።

ጁባና መጠጥ የቆየ ታሪክ አላቸው። በመስከረም 1983፣ ሱዳን ገና ሳትከፈል፣ ፕሬዚዳንት ኒሜሪ የሸሪዓ ሕግ ሲያውጁ ካርቱም ውስጥ ውስኪ ወደ ዓባይ ፈሰሰ፤ የዓለም ጋዜጠኛም ቆሞ ፎቶ አነሳ። ከዚያ በኋላ በነበሩት ዓመታት ዋጋውን የከፈሉት ውስኪ ጠጪዎቹ አልነበሩም። ከጦርነት ሸሽተው ካርቱም ዳርቻ የሰፈሩ የደቡብ ሴቶች፣ ልጆቻቸውን ለማብላት ማሪሳና ዓረቂ ጠምቀው ስለተያዙ የኦምዱርማንን የሴቶች ወህኒ ሞሉት። ደቡቡ ከ2005 በኋላ ከዚያ ሕግ ሲላቀቅ በአደባባይ ብርጭቆ ማንሳት የነፃነት ምልክት ሆነ። በ2009 ጁባ ላይ የቢራ ፋብሪካ ተከፈተ፤ «ኋይት ቡል» የሚባለው ቢራ የአዲሱ አገር ኩራት ነበር። በ2016 ፋብሪካው ጥሬ ዕቃ የሚያስገባበት ዶላር አጥቶ ጠመቃውን አቆመ። ጠጪው ግን አላቆመም፤ ሲኮ ወደሚባለው የአገሬው ዓረቂና ከኡጋንዳ ወደሚመጣው ዋራጊ ዞረ። የሸሪዓው ጅራፍም አልከለከለውም፣ የዶላር እጥረቱም አልከለከለው። ስለዚህ ይዘጋ፣ ይታገድ ለማለት አይደለም ብዕር ያነሳሁት። ጋሼም አንድም ቀን ስለ ማገድ ሲያወሩ አልሰማኋቸውም።

እሳቸው የወጡበት መንገድ በናይሮቢ በኩል ነው። ጉበታቸው ታሞ ለሕክምና ሄደው ሳለ፣ አንድ ኬንያዊ አስታማሚ በእጁ ይዞ አልኮሊክስ አኖኒመስ የሚባለው፣ ከመጠጥ ለመውጣት የሚፈልጉ ሰዎች የሚረዳዱበት ማኅበር ስብሰባ አስገባቸው። እንግሊዝኛው ግማሹ አልገባቸውም። የገባቸው ነገር ቢኖር፣ ኮት የለበሰ ሰው ተነሥቶ የገዛ ውርደቱን ሲናገር የሚስቅበት አለመኖሩ ነው። ጁባ ሲመለሱ ያንን አመጡ። ከከስተም ገበያ ጀርባ ያለ የመለዋወጫ መጋዘን ለምነው፣ እሑድ ከሰዓት ጀሪካንና ካርቶን ላይ እያስቀመጡ ሰው መሰብሰብ ጀመሩ። ሻይ አለ፣ አንዳንዴ ቡና። መዝገብ የለም፣ መዋጮ የለም፣ ሊቀ መንበር የለም። ኦርቶዶክሱም ሙስሊሙም ጴንጤውም ይመጣል። ኢታንግና ፉኝዶ የስደተኛ ካምፕ ውስጥ በአማርኛ ያደጉ ደቡብ ሱዳናውያንም ይመጡ ነበር፤ ከኛ አንዳንዶቹ ይልቅ አማርኛቸው የጠራ ነው። ደንቡ ጥቂት ነበር፦ የራስህን ትናገራለህ፣ ሌላውን አትመክርም፣ እዚህ የሰማኸውን እዚህ ትተዋለህ። ለሐበሻ ከባዱ ሁለተኛው ነው። ሳንጠየቅ መምከር እንወዳለን፤ ጋሼ ደግሞ ምክር ሲጀመር ሻይ ቅዳ ብለው ያስነሱ ነበር።

ከዚያ በኋላ ስልካቸው አለ። አዲስ የመጣ ሰው ሁሉ የጋሼን ቁጥር ይዞ ይወጣል፤ መለኪያውን ከማንሣቱ በፊት እንዲደውል ነው፣ ካነሣ በኋላ አይደለም። መብራት በሌለበት ከተማ፣ ጄኔሬተር ያለው ሰው እንኳ ናፍጣ ቆጥቦ በሚያጠፋበት ሌሊት፣ የሳቸው ስልክ ጠፍቶ አያውቅም፤ ከቦቴው ባትሪ ቻርጅ ያደርጉት ነበር። ሲነሣ ረጅም ንግግር የለም። የት ነህ ይላሉ፣ በልተሃል ወይ ይላሉ፣ እስኪነጋ እናውራ ይላሉ። ስለ ኳስ፣ ስለ ናፍጣ ዋጋ፣ ስለ ልጆች ትምህርት ቤት ይወራል። ሲነጋ ያ ሰው አንድ ቀን አልፎታል። ሌላ ጥበብ አልነበራቸውም። እንደ ቅዱስ አድርጎ ማውራት ስለሚቀናን ልጨምር፦ ግልፍተኛ ነበሩ፤ ቀጠሮ የሚያረፍድን ሰው አፍ አውጥተው ይሳደቡ ነበር፤ ቼልሲ የተሸነፈ ዕለትም ባይደወልላቸው ይሻል ነበር።

በሐምሌ 2016 ጁባ መሀል ለቀናት ታንክና ሄሊኮፕተር ሲተኩስ፣ እኛም በየግቢያችን ወለል ላይ ተኝተን ስንጸልይ፣ ጋሼ አገረሸባቸው። በዚያ ሳምንት ጠጡ። ይህን የማወራው ሐሜት ስለምወድ አይደለም፤ እንዲወራ የፈቀዱት ራሳቸው ናቸው። መንገድ ሲከፈት ወደ መጋዘኑ መጡ፣ ሁልጊዜ ከሚቀመጡበት ሳይሆን አዲስ ሰው ከሚቀመጥበት ካርቶን ላይ ተቀመጡ፣ ተራቸው ሲደርስም ተናገሩ። ከዚያ ቀን በፊት እንፈራቸው የነበርን ሰዎች መቅረብ የጀመርናቸው ያኔ ነው።

አልኮሊክስ አኖኒመስም ከሥሩ ጀምሮ እንዲህ፣ በሚወድቅና በሚነሣ ሰው እጅ ነው የተሠራው። በኅዳር 1934 ኒው ዮርክ ውስጥ ኤቢ ታቸር የሚባል ሰው የድሮ የመጠጥ ጓደኛውን ቢል ዊልሰንን ሊጠይቅ ሄደ። ቢል ቀድቶ አቀረበለት፤ ኤቢ አልጠጣም አለ። ቢል የደነገጠው ከማንም ስብከት ይልቅ በዚያ እምቢታ ነው። በቀጣዩ ወር ሆስፒታል ገብቶ መጠጣት አቆመ። ከዚያ ለወራት በየሆስፒታሉና በየመጠለያው እየዞረ ሰካራሞችን ሲሰብክ አንድም ሰው አልዳነለትም፤ ተስፋ ሲቆርጥ ሚስቱ ሎይስ አንተ ግን አልጠጣህም አለችው። በግንቦት 1935 ኦሃዮ ውስጥ አክሮን በምትባል ከተማ የንግድ ጉዳዩ ከሽፎበት፣ ኪሱ ባዶ ሆኖ ሜይፍላወር ሆቴል አዳራሽ ውስጥ ብቻውን ቆመ። በአንድ በኩል መጠጥ ቤቱ ይታየዋል፣ ሳቅ ይሰማዋል፤ በሌላ በኩል ስልክ አለ። ስልኩን መረጠ። የአብያተ ክርስቲያናትን ዝርዝር ይዞ ደውሎ፣ ሊያናግረው የሚችል ሌላ ሰካራም ፈልጉልኝ አለ። ሄንሪየታ ሲበርሊንግ የምትባል ሴት ቦብ ስሚዝ ከሚባል ቀዶ ሐኪም ጋር አገናኘችው። ሐኪሙ ሩብ ሰዓት ብቻ እቆያለሁ ብሎ መጥቶ ለሰዓታት ተቀመጠ። ሰኔ 10 ቀን 1935 ዶክተር ቦብ የመጨረሻውን ጠጣ፤ አልኮሊክስ አኖኒመስ ልደቱን የሚቆጥረው ከዚያ ቀን ነው። ዶክተር ቦብ በ1950 እስኪሞት ድረስ በሺዎች የሚቆጠሩ ሰካራሞችን ያለ ክፍያ አከመ።

ኤቢ ታቸርስ? መልእክቱን ያመጣው ኤቢ ለብዙ ዓመታት ይወድቅ ይነሣ ነበር። ቢል ግን እስከ መጨረሻው ያወጣኝ እሱ ነው ማለቱን አልተወም፤ ቤት ሲያጣ ቤት፣ ሕክምና ሲያስፈልገው ሕክምና ፈለገለት። ኤቢ በ1966 ሲሞት ሳይጠጣ ነው የሞተው። እኛ «ራሱ ሳይቆም ሌላውን ሊያቆም» ብለን የምናፌዝበት ዓይነት ሰው ነበር። በሱ እጅ የተላለፈው ነገር ግን ዛሬ መቶ ሰማንያ ያህል አገር ውስጥ አለ፤ ጋሼንም ናይሮቢ ላይ ያገኘው እሱው ነው።

ይህ የፈረንጅ ወግ ነው የሚለኝ አይጠፋም። መጋዘን ውስጥ ከተቀመጥን በኋላ ፈረንጅነቱ የት እንዳለ አልታየኝም። ይሠራል ወይ ለሚል ደግሞ፣ በ2020 ኮክሬን የተባለው የሕክምና ጥናቶችን የሚመረምር ተቋም 27 ጥናቶችን፣ ከ10,000 በላይ ሰዎችን ያካተተ ግምገማ አውጥቷል። ከመጠጥ ርቆ በመቆየት ረገድ በሥርዓቱ የተሰጠው የዚህ ማኅበር መንገድ ከሌሎቹ የታወቁ የምክር ሕክምናዎች ጋር ሲወዳደር አላነሰም፣ በልጦም ተገኝቷል። ወጪው ደግሞ ሻይ ነው። ወጪው ሻይ መሆኑ ደቡብ ሱዳን ውስጥ ቀልድ አይደለም። በ2016 አምነስቲ ኢንተርናሽናል ባወጣው ሪፖርት በመላ አገሪቱ የነበሩት የአእምሮ ሐኪሞች ሁለት፣ በጁባ ማስተማሪያ ሆስፒታል ለአእምሮ ሕሙማን የነበረው አልጋ 12 ነበር፤ ከሕሙማኑም ወንጀል ሳይሠሩ ጁባ ማዕከላዊ ወህኒ የተቀመጡ ነበሩ። ከዚህች አልጋ ላይ ለባዕድ አገር ሰካራም ይተርፋል ብሎ የሚጠብቅ ካለ እሱ የዋህ ነው።

አልጋ ሲጠፋ ቤቱ ውስጥ ለማቆም የሚሞክር ይኖራል፤ ለዚህ ነው አንድ ነገር ሳልደብቅ መናገር ያለብኝ። ጋሼ ሰውን በቁጣ «ዛሬውኑ ተው» አይሉም ነበር። ለረጅም ጊዜ በየቀኑ በብዛት የጠጣ ሰው በአንድ ጊዜ ሲያቆም፣ በመጀመሪያው ቀን መንቀጥቀጥ፣ በሁለት ቀን ውስጥ የሚጥል በሽታ ዓይነት መንፈራገጥ፣ ከሁለት እስከ አራት ቀን ባለው ጊዜ ደግሞ የሌለ ነገር ማየትና መቃዠት ሊመጣበት ይችላል። ይህ ይገድላል። ቤት ዘግታችሁ «ይጠንክር» ብላችሁ የምታስቀምጡት ዘመድ በጥንካሬ ማነስ አይደለም የሚሞተው። ሐኪም በሚያዘው ዳያዜፓምና ቪታሚን ቢ 1፣ ሰው አጠገቡ ተቀምጦ፣ ውሃ እየጠጣ የሚታለፍ ሳምንት ነው። መጋዘኑ የሚጀምረው ከዚያ ሳምንት በኋላ ነው። ጠበል የሚወስዱም ዱዓ የሚያስደርጉም ይህን ይስሙ፦ ጋሼ ራሳቸው የቁልቢን ስለት የማያስታጉሉ ሰው ነበሩ፤ ክኒኑንም አልጣሉም።

አሁን ወደ ጥሪው ልምጣ። ጥሪው መጀመሪያ የሚመለከተው ከዚያ መጋዘን የወጣነውን ነው። የጋሼ ቁጥር አሁንም በብዙ ሰው ስልክ ውስጥ አለ፤ ሲደወል ዝግ ነው። ከለቅሶው በኋላ ፎቷቸውን አትመን እንስቀል፣ በስማቸው ዋንጫ እናዘጋጅ የሚል ሐሳብ ተነሥቶ ነበር። እኔ የምለው ሲም ካርዱን እናውጣ ነው። ቤተሰባቸው ፈቅዷል። ሌሊቱን እንከፋፈል፤ ሰኞን የያዘ ሰኞ ስልኩን ይዞ ይደር፣ ማክሰኞ ለሚቀጥለው ያስረክብ። አንድ ሰው እንደ ጋሼ ሌሊቱን ሁሉ ሊሸከም አይችልም፤ እሳቸውም መሸከም አልነበረባቸውም። ገና ስድስት ወሬ ነው፣ ገና ዓመቴ ነው፣ ለዚህ አልበቃሁም የሚል ሰው ይኖራል። ቢል ዊልሰን አክሮን ላይ ስልክ ሲፈልግ ገና ስድስት ወር አልሞላውም ነበር።

ቀጥሎ የማኅበራችንንና የእድሮቻችንን ሽማግሌዎች እለምናለሁ። አባቶቼ፣ በ2005 እና በ2006 የመጣችሁ፣ ይህን ማኅበር ከምንም ያቆማችሁት እናንተ ናችሁ። ደንባችን ለሞተ ሰው ገጽ በገጽ ይደነግጋል፤ በመጠጥ እየሞተ ላለ አባል ግን አንድ መስመር የለውም። «ሳይደርቅ በርጥቡ፣ ሳይርቅ በቅርቡ» የምንለው ለጋብቻ ጠብ ብቻ መሆን የለበትም። በሚቀጥለው ጠቅላላ ጉባኤ አንድ አንቀጽ ይጨመር፦ አንድ አባል በመጠጥ እየተጎዳ መሆኑ ሲታወቅ ሁለት ሽማግሌዎችና አንድ ከመጠጥ የወጣ ሰው ይጠይቁት፤ ሕክምና ከፈቀደ የአዲስ አበባ ትኬቱና አብሮት የሚሄድ ሰው ከእድር ይሸፈን፤ ገንዘቡ በእጁ ሳይሆን ለሆስፒታሉ ይከፈል፤ ሲመለስ ሥራው ይጠብቀው። ሰካራምን በማኅበር ገንዘብ እናሳክም ወይ የሚል ተቃውሞ እንደሚነሣ አውቃለሁ። ለስኳር ሕመምተኛው ኢንሱሊን ስናዋጣ፣ ስኳር ሲልስ ነበር ብለን አልጠየቅነውም። ደግሞም ገንዘቡ መውጣቱ አይቀርም፤ የሚለየው ለትኬት ወጣ ወይስ ለሣጥን ነው።

የሆቴልና የመጠጥ ቤት ባለቤቶች ሆይ፣ በዚህ ከተማ ከግማሽ በላይ የሚሆን የሐበሻ እንጀራ ከናንተ ቤት ይወጣል ቢባል ብዙ ማጋነን አይመስለኝም። መጋዘኑ የነበረበት ሠፈር ውስጥ እንኳ እሑድ ሰው ሲበዛ ወንበር ያዋሱን የነበሩት አንድ የግሮሰሪ ባለቤት ናቸው። ዝጉ አልላችሁም። ሦስት ወር ደሞዙን በዱቤ ጠጥቶ የጨረሰ አስተናጋጅ ግን በቤታችሁ አለ፤ ዱቤውን የምትመዘግቡት ደግሞ እናንተ ናችሁ። ለሠራተኛ መጠጥ በዱቤ አትስጡ። አገር ቤት በ2019 የወጣው አዋጅ ቁጥር 1112 ከ21 ዓመት በታች ላለ ሰው አልኮል መሸጥን ከልክሏል፤ ማስታወቂያውንም ከሬዲዮና ቴሌቪዥን አውጥቷል። ያ አዋጅ ጁባ አይደርስም። በመካከላችን ተማምለን ብንጠብቀው ማን ይከለክለናል?

እናንተ በ2005 ሕፃን የነበራችሁ፣ ዛሬ ሱቅ የምትጠብቁ፣ ቦቴ የምትነዱ፣ ከካርቱም ጦርነት ሸሽታችሁ በሬንክ በኩል የገባችሁ፣ ከአገር ቤት ጦርነት በኋላ የመጣችሁ፣ እናንተን የማየው በሌላ ዓይን ነው። የጋሼ ትውልድ ጠጥቶ የሚደብቅ ትውልድ ነበር። እናንተ ስለ ጭንቀትና ስለ ድብርት በግልጽ ስታወሩ እሰማለሁ፤ እሳቸው በሃምሳ ዓመታቸው የደረሱበት ቦታ ላይ በሃያ አምስት ደርሳችኋል። ይህ ትልቅ ስንቅ ነው። በሌላ በኩል ደግሞ ሰክሮ መንገድ ላይ የወደቀን ያገር ልጅ ቀርጻችሁ ቲክቶክ ላይ የምትለቁትም እናንተው ናችሁ። ያንን ቪዲዮ እናቱ ደሴ ላይ አይታዋለች። ስልካችሁን አውጡ፤ ግን ለመደወል ይሁን። ማታ ማታ ጨብሲ የሌለበት የመሰብሰቢያ ቦታ ፍጠሩ፤ ኳስ ማያ ይሁን፣ ካራንቡላ ይሁን፣ የእንግሊዝኛ ትምህርት ይሁን። ጋሼ ይህን አልሞከሩም፤ እሑድን ብቻ ነው የያዙት። ስድስቱ ቀን ባዶ ነው።

ጋሼ ያልሞከሩት ሌላም ነገር አለ፤ ይህ ጽሑፍ እንዲህ የረዘመው በሱ ምክንያት ነው። መጋዘኑ የወንዶች ነበር። ከዓመት ዓመት ሴት መጥታ ብታውቅ አንድ ወይም ሁለት ጊዜ ነው፤ የመጣችውም ሁለተኛ አልመጣችም። ከኛ መካከል ሥራቸው መጠጣት የሆነባቸው ግን ሴቶች ናቸው። መጠጥ ቤት የምታስተናግድ እህታችን ከእንግዳው ጋር እንድትቀመጥ፣ እንድታስጠጣ፣ እንድትጠጣ ይጠበቅባታል፤ አንዳንድ ቤት ክፍያዋ የሚታሰበው በተከፈተው ጠርሙስ ቁጥር ነው። ወንዱ ሲሰክር «አመለኛ» ይባላል፤ እሷ ስትሰክር የምትባለውን እዚህ አልጽፈውም። ስለዚህ ወንዶች በሞሉበት መጋዘን ውስጥ ተነሥታ እንድትናገር መጠበቅ ከንቱ ነው። ጋሼ ይህን ያውቁ ነበር። በመጨረሻዎቹ ወራት ኩላሊታቸው ሥራ አቁሞ አዲስ አበባ ዲያሊሲስ ሲከታተሉ፣ በየስልኩ የሚጠይቁት ይህንን ነበር፦ የሴቶቹ ነገር የት ደረሰ? የት እንዳልደረሰ እናውቃለን።

እህቶች የራሳቸው ቀን፣ የራሳቸው ቦታ፣ የራሳቸው ስልክ ያስፈልጋቸዋል፤ የሚመሩትም እነሱ ናቸው። ከመጠጥ የወጡ፣ ነገር ግን ለማንም ያልነገሩ ሴቶች በዚህ ከተማ እንዳሉ እናውቃለን፤ አንዷ ብትጀምር ሌሎቹ እንደሚከተሉ አልጠራጠርም። የቤተ ክርስቲያን አገልጋዮች፣ የመስጊዱ ሽማግሌዎች፣ የጉባኤው መሪዎች፣ አንድ ክፍል በሳምንት ለሁለት ሰዓት ብትፈቅዱ፣ ማን ገባ ማን ወጣ ብላችሁም ባትጠይቁ፣ ከዚያ በላይ ከናንተ አንፈልግም። ቶንግፒኒ ወይም ሃይ ማላካል አካባቢ፣ ከመጠጥ ቤት ራቅ ያለ፣ በር ያለው፣ ማታ ሲወጡ ታክሲ የሚገኝበት ቤት ያላችሁ ባለሱቆችም ብትኖሩ ንገሩን። ለጊዜው የሚበቁ መቀመጫዎችና አንድ ትልቅ የሻይ ማንቆርቆሪያ አሉ፤ ከጋሼ መጋዘን እናመጣቸዋለን።